የሬቫቲ ሳቅ

ዲንካር ለመሄድ የቆረጠው የእናቱን መርዶ በሰማ ቀን ነው። መርዶውን የሰማው አስከሬናቸው ከተቃጠለ ከሃያ ቀን በኋላ ነበር። ወንድሙ ከኢንዶር ከተማ የላከው ደብዳቤ ይህን ሁሉ ቀን እናታችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከርሟል።

እናታችን የሚሏቸው ዲንካር የሚኖርበት የጸሎት ማኅበር መሪ ናቸው። ህንድ አገር፣ በናርማዳ ወንዝ ዳር፣ መቶ ሰላሳ ሰው እሳቸውን ብሎ፣ ዘመድ አዝማዱን ትቶ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ይኖራል።

«የውጭ ሰው ለቅሶ ጸሎታችንን ያረክሳል፤ ለዚህ ነው ያዘገየሁት፣ ልጄ» አሉት።

ዲንካር ጎንበስ ብሎ እግራቸውን ነካና ወጣ። ወደ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሬቫቲ ለቂጣ ሊጥ ታድበለብላለች።

«ዝናቡ ሲያባራ እንሄዳለን» አላት።

«የት?»

«ወንድሜ ጋ። ፓምፕ መጠገን የምችል ሰው የትም ሄጄ አልራብም።»

«የሄዱት ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው ረሳኸው?»

«ምን እንደደረሰባቸው አንቺስ በምን ታውቂያለሽ? ስማቸውን መጥራት እንኳ ክልክል ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካልመጣሽ ብቻዬን እሄዳለሁ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«እሺ» አለች። ቀና ብላ አላየችውም።

ሳቁ የጀመረው ከዚያ በሳምንቱ ነው።

ዲንካር ጉድጓዱ አጠገብ ፓምፑን ፈታትቶ ይጠግናል። ሬቫቲ ማንጎው ዛፍ ሥር ልብስ ታጥባለች። አጠገቧ በጸሎት ላይ ከበሮ የሚመታው ሳዳሺቭ ተቀምጧል። ሚስቱ የሞተችበት፣ ቁመተ ረጅም፣ ሲበዛ ዝምተኛ ሰው ነው። እሱ አንድ ነገር ያንሾካሾከ መሰለ፤ ሬቫቲ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ተንከተከተች።

ዲንካር በትዳር ዘጠኝ ዓመት ኖሮ እንዲህ ስትስቅ ሰምቷት አያውቅም። የያዘው ብሎን ከእጁ አምልጦ ጉድጓድ ገባ።

በማግስቱም ሳቀች። በሦስተኛው ቀን ፀጉሯ ላይ ነጭ አበባ ሰካች። ለእሱ ከሠርጋቸው ወዲህ አበባ ሰክታ አታውቅም።

«ምን ብሎሽ ነው እንዲያ የምታሽካኪው?» አላት ምሳ ላይ።

«ጨዋታ አዋቂ ነው።»

«ሳዳሺቭ? ያ ድዳ?»

«አንተ ትሄድ የለ እንዴ? የኔ መሳቅ አለመሳቅ ምን አገባህ?»

ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሶ ተነሳ።

ከዚያ በኋላ ቅናት እረፍት ነሳው። ሥራውን ትቶ ወደ ማንጎው ዛፍ ያንጋጥጣል። ጸሎት ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የሳዳሺቭን ከበሮ ሲሰማ፣ እያንዳንዱ ምት ለሚስቱ የተላከ መልእክት ይመስለዋል። የሚገርመው፣ የትም ቢሄድ ሁለቱን ያገኛቸዋል፤ ጓሮ ቢዞር እዚያ፣ ወፍጮ ቤት ቢሄድ እዚያ። ዓይን አውጣዎች፣ መደበቅ እንኳ አቆሙ፣ አለ በልቡ።

ዝናቡ አባራ። መንገዱ ደረቀ። ዲንካር ግን አልሄደም። ጥሏት ቢሄድ ለሳዳሺቭ አስረክቧት መሄዱ ነው! መጀመሪያ እጅ ከፍንጅ ልያዛቸው አለ። ለመሄድ ያዘጋጀውን ሻንጣ አንዴ ሸሚዝ ሊያወጣ፣ አንዴ ፎጣ ሊያወጣ ከፈተው፤ በመጨረሻ ባዶ ሆኖ አልጋ ሥር ቀረ። እናቱን የሚያስብበት ቀንም እያነሰ ሄደ።

አንድ ጠዋት ሳዳሺቭን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ አንገቱን ያዘው።

«ከሚስቴ ጋር ምን አለህ?»

ሳዳሺቭ አልታገለም፤ አልካደም። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ» ብቻ አለ።

ይህ ለዲንካር ጥፋቱን እንደ ማመን ሆነበት። ሮጦ እናታችን እግር ላይ ተደፋ። ሁሉን ዘረገፈው፤ ሳቁን፣ አበባውን፣ ሊሄድ ማሰቡን ሳይቀር።

እናታችን ራሱን ደባበሱት። «የሸፈተ ልብ ቤቱን አይጠብቅም፣ ልጄ። አንተ ከኛ ስትርቅ እሷ ካንተ ራቀች። ተመለስ፤ ትመለሳለች።»

«ተመልሻለሁ፣ እናቴ። ከዚህ ግቢ ሬሳዬ እንጂ እኔ አልወጣም!»

በዚያው ሳምንት ሳዳሺቭ ወንዝ ማዶ ወዳለው እርሻ ተላከ። ሬቫቲም ከባሏ ጎን ተቀመጠች፤ ቂጣውን በቅቤ እያሸች ታቀርብለታለች። መሳቅ ግን አቆመች። ዲንካር ይህን እንደ ጸጸት ቆጠረላት፤ ይቅርም አላት። የወንድሙ ሌላ ደብዳቤ ሲመጣ ሳይከፍት ወስዶ እናታችን ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

ዓመት አለፈ። እናታችን አስጠሩት።

«ታማኝ ልጄ ሆነሃል» አሉት። «ለታማኞች ብቻ የምሰጠው አገልግሎት አለ። ለሚስትህም ቢሆን አይነገርም።»

የዲንካር ደረት በኩራት ተነፋ። «የፈለጉትን ይዘዙኝ።»

«የልብስ ሰፊውን የቪትሃልን ሚስት ታውቃታለህ? ከነገ ጀምሮ ውኃ ስትቀዳ አጠገቧ ቁም። ባሏ በሚያያችሁ ቦታ ይሁን።»

ዲንካር ቀና አለ። «ቆሜ ምን ልበላት?»

«የመጣልህን። መሳቁን እሷ ታውቅበታለች። ባሏ ሊሄድ መሆኑን መጥታ የነገረችኝም ራሷ ናት።»