ምንም አልጎደለብንም

የሰው ወረቀት ማየት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ዓይኔ ግን ምክር አይሰማም። ከኋላዬ የተሰለፈችው ሴትዮ የሐኪም ቤቱን የክፍያ ወረቀት እንደ ማራገቢያ ስታወዛውዘው ቁጥሩን አነበዋለሁ። ከዚያ የኔን አያለሁ። መልሼ የሷን።

ባሏና አባቴ ጎን ለጎን ነው የተኙት። ሁለቱም የሐሞት ጠጠር፣ ሁለቱም አንድ ሐኪም፣ ሁለቱም አራት ቀን። የእኛ ሂሳብ ግን የነሱ አምስት እጥፍ ነው።

«ይቅርታ እህቴ፣ ጥጉ ላይ ያለው ቁጥር ምንድን ነው?»

«ሦስት ይላል። እኔ ምኑን አውቄው።»

የኔ ወረቀት ጥግ ላይ ያለው አንድ ነው። አባዬ ጠዋት አይቶት «አንደኛ ነው ያደረጉኝ» ብሎ ደስ ብሎት ነበር። እኔም ደስታውን አላበላሸሁበትም። የስፌት መኪናዬን ዛሬ ከሰዓት የሚወስድ ሰው አለ፤ ቀብዱን ተቀብያለሁ፤ ለአባዬ አልነገርኩትም። ከነገ ጀምሮ በምን ሠርቼ እንደምንበላ ለራሴም አልነገርኩም።

ተራዬ ይደርሳል። ገንዘብ ተቀባዩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ማህተሙን ያነሳል።

«ከመምታትዎ በፊት አንዴ» እለዋለሁ። «ይሄ አንድ ቁጥር ምንድን ነው?»

«የመክፈል አቅም ነው። አንድ ሙሉ ከፋይ፣ ሁለት ግማሽ፣ ሦስት አንድ አምስተኛ።»

«ማን ነው የሚሰጠው?»

«ካርድ ክፍል፣ በገባችሁበት ቀን።»

«በምን መዝኖ?»

ማህተሙን ያስቀምጠዋል። «እዚህ ወንበር ላይ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው» ይላል። «በዋጋው የሚጨቃጨቀኝ ሞልቷል። ቁጥሩ ከየት መጣ ያለኝ ግን የለም።»

አሁን እሱም እንደኔ ማወቅ አምሮታል። ተነስቶ ከመደርደሪያው የአባዬን ካርድ ያወጣና በጣቱ እየተከተለ ያነባል።

«ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ከረባት አስረዋል። ‹ኑሮ እንዴት ነው?› ሲባሉ ‹ተመስገን፣ ምንም አልጎደለብንም› ብለዋል።» ቀና ብሎ ያየኛል። «በቃ። ሌላ የለም።»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ። ሙሉ ልብሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ደንበኛ አሰፍቶ ሳይወስደው ሁለት ዓመት ተሰቅሎ የቀረ ነው። ሐኪም ቤት ስንመጣ ያለበስኩትም እኔ ነኝ፣ ሰው በልብሱ ይከበራል ብዬ። መልሱ ደግሞ የአባዬ የአርባ ዓመት መልስ ነው። ፖስታ በሚያድልበት ጊዜ በየደጁ ኑሮ እንዴት ነው ሲሉት ይህንኑ ነበር የሚለው፣ ጫማው አፉን ከፍቶም ቢሆን። ሰላምታ ነው፤ ጓዳውን ቆጥሮ የሚመልስ ማን አለ?

«ይስተካከላል?» እላለሁ።

«ይስተካከላል። ግን ታካሚው ራሳቸው መጥተው፣ በራሳቸው አፍ እንደማይችሉ መናገር አለባቸው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ።»

አባዬ ለመውጣት ያንኑ ሙሉ ልብስ ለብሶ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ደግፌ አመጣዋለሁ። ገንዘብ ተቀባዩ ብዕሩን አዘጋጅቶ ድምፁን ያለሰልሳል።

«አባት፣ ኑሮ እንዴት ነው?»

«ተመስገን ነው ልጄ። ምን ጎድሎ።»

ከሰልፉ መሀል አንድ ሰው ይስቃል። ገንዘብ ተቀባዩ ብዕሩን እንደያዘ ወደኔ ያያል። በአባዬ ተናድጃለሁ፤ እንዲህ ተናድጄበት አላውቅም።

«አባዬ» እለዋለሁ ጆሮው ሥር፣ «እንደማንችል ንገረው። ካልነገርከው መኪናዬ ዛሬ መሄዷ ነው። ቀብድ ተቀብያለሁ።»

ዞሮ ያየኛል። «የስፌቷ?»

«የስፌቷ።»

ወደ መስኮቱ ይመለሳል። አፉን ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋል። አርባ ዓመት ሙሉ ያልወጣ ቃል በአንድ ጠዋት አይወጣም። ንዴቴ ይጠፋና አንጀቴን ይበላኛል። ተወው አባዬ፣ ትሸጥ፣ ልለው ምንም አልቀረኝም።

እሱ ግን የኮቱን ቁልፎች መፍታት ጀምሯል። ቁስሉ ስላልጠገገ ቀስ እያለ ነው። ልረዳው ስል በክርኑ ይከለክለኛል። ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ያጥፈዋል፤ ከዚያ ልብስ ስለካው እንደሚያደርገው ባለበት ቆሞ አንድ ዙር ይዞራል።

የሸሚዙ ፊትና ኮሌታው አዲስ ጨርቅ ነው። ጀርባው ከደንበኞች የተረፈ ቁርጥራጭ፤ ሰማያዊ፣ ባለመስመር፣ ባለአበባ፣ አንዱ እንዲያውም የመጋረጃ። ከኮት ሥር ስለሆነ ማንም አያየውም ብዬ ነበር። የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነበርን።

ገንዘብ ተቀባዩ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ያያል። ሌላ አይጠይቅም፤ ካርዱ ላይ አንዱን ሰርዞ ሦስት ይጽፋል፣ አጠገቡም ይፈርማል።

እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን አፍሬ መሬት መሬት አያለሁ። ያቺ ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ ከሰልፉ ወጥታ ወደ አባዬ ትጠጋለች። አበባውና መስመሩ ትከሻው ላይ የተጋጠሙበትን ቦታ በጣቷ ጫፍ ትከተለዋለች።

«ስፌቱ እንዴት ቀጥ ብሏል» ትላለች። «ማን ነው የሰፋው?»

«ልጄ ናት» ይላል አባዬ ከኔ ቀድሞ፣ ደህና አድርጋ እንድታየው ትከሻውን ዝቅ እያደረገላት።