አሸዋ የሌላት ጀልባ

«ውጡ! ጫፉ ላይ ውጡ!» እያለ ፋማው ይጮሃል። የሚወጣ ሰው ግን አልቀረም። አምስቱም ልጆች ከጀልባዋ ጎን ወደ ውጭ በተዘረጋው ሳንቃ ላይ ተደርድረው ተኝተዋል፤ ጀርባቸውን ማዕበሉ ይመታቸዋል። እንዲያም ሆኖ ጀልባዋ ሱቢራ ወደ ሌላው ጎኗ ማዘንበሏን አልተወችም። ክብደት አልነበራትም።

ሸራውን ከማላላት በቀር መላ አጣ። አላላው። አብረዋቸው የሚወዳደሩት የሼላ መንደር ልጆች እያፏጩ አለፉት። ቀጥሎ የማቶንዶኒ መንደር ልጆች አለፉ፤ እነሱ እንኳ አላፏጩም፣ አዝነው ነው ያዩት። ይኼኛው ይበልጥ አንገበገበው።

ነገሩ የተበላሸው ለመዞሪያ ባሕሩ ላይ ከተንሳፈፈው ሩቅ በርሜል ዞረው ሲመለሱ ነው። ነፋሱ ድንገት ጠፋ፤ ሸራው እንደ ባዶ ከረጢት ተንጠለጠለ። ነፋስ ሲጠፋ ጀልባ እንድትቀል ሚዛን የሚጠብቅላት የአሸዋ ጆንያ ይጣላል፤ ላሙ ደሴት ውስጥ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ጭንቁ መቼ ይጣል የሚለው ነው። አንዴ ከሄደ ከባሕር ለቅሞ የሚመልሰው የለም። ፋማው ሰማዩን አየ፣ ከፊቱ ያሉትን የሼላዎቹን ጀርባ አየ፣ «ጣሉት» አለ። ጆንያዎቹ አንድ በአንድ ሰመጡ። ሱቢራ ቀለል ብላ ሼላዎቹን ስታልፍ ልጆቹ ሳቁ። ያኔ ነው ፋማው መዳፉን ዘርግቶ «ያ ረቢ፣ ትንሽ ነፋስ» ያለው። የለመነው ተሰጠው። ከደሴቲቱ ጥግ ዞሮ፣ ሙሉ ሆኖ መጣለት።

ጀልባዋ የአባቱ ናት። አባቱ ከሞተ ወዲህ አጎቱ አትማን ነው የሚጠብቃት። አንድ የሆቴል ባለቤት ሊገዛት ይፈልጋል፤ ሊጓዝባት ግን አይደለም። ለሁለት ቆርጦ ግማሿን በሩ ላይ ሊያቆማት፣ አበባ ሊተክልባት ነው። አትማን ሰውዬውን «ከታዳጊዎቹ ውድድር በኋላ ና። አንደኛ ከወጣች አልሸጥም፣ ካልወጣች ያንተ ናት» ብሎታል።

መጨረሻ ሆነው ገቡ። ወደቡ ላይ ከበሮው ለሼላዎቹ ይመታል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። የግንቡ ጠርዝ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ደግሞ ሱቢራን ሲጠብቁ ነው የቆዩት።

«ናሆዛ! አሸዋህን የት አደረስከው?» አለ አንዱ። ናሆዛ የሚባለው የጀልባ አዛዥ ነው፤ ፋማው እስከ ዛሬ በዚህ ስም ጠርቶት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«ለዓሦቹ ቤት ሊሠራላቸው ነዋ!» አለ ሌላው።

«ሱቢራ ማለት ትዕግሥት አይደለም እንዴ? ኧረ ስሟን ቀይሩላት!»

ከልጆቹ መሐል ለነገር የማይሰንፈው ኮምቦ «ዋና ከቻልክ ጠልቀህ አውጣልን» ሊል ጀመረና ትቶ ገመዱን አነሳ።

አትማን እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ገመዱን ተቀበላቸው።

«አልሐምዱሊላህ። በሰላም ገባችሁ።»

«ጋሼ አትማን፣ ጣሉት ያልኩት እኔ ነኝ» አለ ኮምቦ ፈጥኖ።

«ናሆዛው አንተ ነህ?»

«አይ... አይደለሁም።»

«እንግዲያው ዝም በላ፣ የኔ ጌታ።»

ፋማው አጎቱ ቢሰድበው፣ በጥፊ ቢያጮለው በወደደ። ራሱን አዘጋጅቶም ነበር። አትማን ግን ጀልባዋ ላይ ወጥቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ የሸራውን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር። ጨው የጠጣ ቋጠሮ እንደሚፈታ ሁሉ በጥርሱ እየታገዘ፣ ሳይቸኩል።

«ሸራውን ለምን ይፈቱታል፣ አጎቴ?»

«ሰውዬው ሸራ አልፈለገም።»

«ለከርሞ እኮ...»

«ለሰው ቃል ሰጥቻለሁ፣ ልጄ። ላንተም ሰጥቼህ ነበር።» ቀና ብሎ አየው። ቁጣ የለበትም። «እኔም በልጅነቴ አሸዋውን ጥያለሁ፣ አባትህም ጥሏል። አንዳንዴ ነፋሱ አይመለስም፣ ብልህ ትባላለህ። ዛሬ ተመለሰ። ምን ይደረጋል?»

ከሰዓት በኋላ የሚሰገደው የአሱር ሶላት አዛን ተሰማ። ከበሮው ቆመ። አትማን የተጠቀለለውን ሸራ ትከሻው ላይ አድርጎ «ና እንስገድ» አለው።

«እመጣለሁ።»

ልጆቹም አንድ በአንድ ሄዱ። ኮምቦ የፋማውን ጭንቅላት ዳሰስ አድርጎ ተከተላቸው።

የሆቴሉ ሰውዬ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ በአሸዋው ላይ መጣ። ደግ ፊት ነበረው። «አይዞህ፣ ጎበዞች ናችሁ፣ አይቻችኋለሁ» አለው። ከኪሱ ሜትር አወጣ። «እስቲ ይቺን ጫፍ ያዝልኝ፣ ወንድሜ።»

ፋማው ያዘለት። ሰውዬው ከጀልባዋ አፍንጫ ጀምሮ እየለካ ወደ መሐሏ ሄደ፤ አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ፣ የሆቴሉን በር ቁመት በልቡ ያሰላ ይመስል ራሱን ነቀነቀ። ጠመኔ አውጥቶ የምትቆረጥበትን መስመር እንጨቱ ላይ ሊያሰምር ሞከረ። አልጻፈም። ደግሞ ሞከረ።

«እርጥብ ሆኖብኝ ነው። ታደርቅልኛለህ?»

ፋማው ዙሪያውን ጨርቅ ፈለገ፤ አልነበረም። ሸሚዙን አወለቀ። እሱም ረጥቧል። ጨምቆ ውሃውን አወጣው፣ አራገፈው፣ ከዚያ ተንበርክኮ የአባቱን ጀልባ ጎን ከላይ ወደ ታች ይጠርግ ጀመር።

«እዚህም ትንሽ» አለ ሰውዬው በጣቱ እያመለከተ። «አዎ። ጎበዝ።»

ጠመኔው አሁን ጻፈ።