ፎቶው ላይ ያለው በር

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እኔ ደግሞ የሰው ፕሮግራም አላምንም። ስለዚህ ላፕቶፔ ሲበራ ከሁሉም ቀድሞ የሚነሳውን ፈርምዌር፣ ማንም አይቶ ሊያስተካክለው ከሚችል ክፍት ኮድ ራሴ ገነባሁት። ሰሚም ተመልካችም ተናጋሪም አልፈልግም ብዬ ማይክሮፎኑን፣ ካሜራውንና ድምፅ ማጉያውን ነቅዬ ጠረጴዛው ዳር አስቀመጥኳቸው። ሲበራ እንዲታይ የመረጥኩት የልጄን የሚጡን ፎቶ ነው፤ እዚሁ ፊት ለፊቴ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ከኋላዋ በሩ ተዘግቶ ያነሳኋት።

ፈርምዌሩን ከነፎቶው፣ ላፕቶፑ ውስጥ እሱን የምትይዘው ትንሽ ቺፕ ላይ ጫንኩት። ልማዴ ነውና መልሼ አንብቤ ከገነባሁት ጋር አመሳከርኩ። ልክ ነበር።

ሳበራው ሚጡ የቤት ሥራዋን ትታ መጣችና በትከሻዬ በኩል አየች።

«አባዬ፣ በሩን ለምን ከፈትከው?»

«የቱን በር?»

«ፎቶው ላይ ያለውን።»

እውነትም ገርበብ ብሏል። ዋናውን ፎቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አየሁት፤ በሩ ዝግ ነው። ቺፑን እንደገና አነበብኩ፤ ከሠራሁት በአንዲት ፊደል እንኳ አይለይም።

«የስክሪኑ ጥላ ነው፤ ወደ ሥራሽ ተመለሺ» አልኳት።

ወንበሯ ላይ ተመልሳ እርሳሷ መጫጫር ሲጀምር እንደገና አበራሁት። ፎቶው ላይ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወንበሩ ባዶ ነው።

የእርሳሱ ድምፅ ቆመ። ከስክሪኑ በላይ ቀና ማለት አቃተኝ።

«ሚጡ?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«አቤት አባዬ» አለችኝ።

ድምፅዋ የመጣው ነቅዬ ጠረጴዛው ዳር ካስቀመጥኩት ድምፅ ማጉያ ነበር።