ዱቡሻ ላይ ይሁን

ነገር ሁሉ የተበላሸው ዶዘሩ ወደ ሴቻ ሰፈር ዳርቻ የመጣ ዕለት፣ የመስቀል ማግስት ነው። አሞጽ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ነበር። የሽፈራው ዛፎቹ ሲገነደሱ፣ የተወለደበት ቤት ሲፈርስ ቆሞ አየ። አባቱ አቶ ማርቆስ በዚያ ምሽት ዘመድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው፣ "ነጠቁኝ፤ ካሳም አልሰጡኝ" አሉት።

መሬቱ ለትምህርት ቤት ነው ተብሎ ነበር። ትምህርት ቤቱ አልተሠራም። ቦታው የፍየል መዋያ ሆኖ ቀረ።

አሞጽ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ሄዶ በግል ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረ። አባቱ ጋቢ እየሸመኑ አስተማሩት፤ ክፍያው ውድ ቢሆንም አንድም ጊዜ ዘግይቶበት አያውቅም። ሕግ የመረጠውም ለዚያ መሬት ሲል ነው። ተመርቆ ሲመለስ የማዘጋጃ ቤቱን የመሬት ኃላፊ ፈቃደን በሰው ፊት ሌባ አለው። የአባቱን ካሳ የበላው እሱ ነው ብሎ ያምን ነበር። ከዚያ በኋላ በከተማው የሚቀጥረው መሥሪያ ቤት አጣ። እጮኛው ሃናም ታከታት። "አንተ ያጨኸው መሬቱን ነው" ብላው ሄደች።

ዘንድሮ ማዘጋጃ ቤቱ ቦታውን ለአልሚዎች አቀረበ። አንዱ ባለሀብት ሐይቁን የሚያይ ሎጅ፣ ሌላው የሠርግ አዳራሽ ልሥራ አሉ። ከመወሰኑ በፊት ነዋሪው ለስብሰባ ተጠራ።

አሞጽ ተነሳ። "ያለ ካሳ የተነጠቀ መሬት ለባለሀብት አይሰጥም። ለባለቤቱ ይመለሳል።"

"ካሳ ስለመከፈሉ ፋይል የለም?" ሲል ሰብሳቢው ፈቃደን ጠየቀ።

"ቢሮ ስንቀይር ጠፍቷል።"

"እግር አውጥቶ ይሆናላ!" አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ ሳቀ።

"እንግዲያው አቶ ማርቆስ ይምጡና እዚሁ ይመስክሩ" አለ ሰብሳቢው።

"አዳራሽ ውስጥማ ሰው እንዳሻው ይዋሻል" አለ አሞጽ፣ ዓይኑን ከፈቃደ ሳይነቅል። "ዱቡሻ ላይ ይሁን።"

ሳቁ ቆመ። ዱቡሻ የጋሞ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት የሸንጎ ሜዳ ነው። እዚያ እርጥብ ሣር ይዞ የዋሸ ሰው ጎሜ ይይዘዋል፤ መዓቱ ከራሱ አልፎ ልጁን ይጥላል ይባላል። ሰብሳቢው ተስማማ። ሽማግሌዎቹ የሚሉትን ማዘጋጃ ቤቱ ይቀበላል አለ።

ደጅ ሲወጡ ፈቃደ የአሞጽን ክንድ ያዘ።

"እባክህ፣ ዱቡሻውን ተወው። ነገሩ እዚሁ አዳራሽ ይለቅ። ከፈለግህ እኔ ዝም እላለሁ።"

"ፈሩ እንዴ፣ አቶ ፈቃደ?"

"አዎ" አለ ፈቃደ።

አሞጽ ይህን መልስ ለሰው ሁሉ አወራው።

በማግስቱ አሞጽ ወደ ቤት ሲገባ ፈቃደን ከግቢያቸው ሲወጣ አገኘው። ሰላም አልተባባሉም። አቶ ማርቆስ የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ግን ሥራ ፈቷል።

"አስፈራራህ?" አለ አሞጽ።

"ማን? ፈቃደ?" አቶ ማርቆስ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አዳራሹ ምን አለው፣ ልጄ? እዚያ የፈለግኸውን እናገርልሃለሁ አላልኩህም?"

"የፈለግሁትን ሳይሆን እውነቱን፣ አባዬ። ዱቡሻ ላይ ስትናገር ሌባው መግቢያ ያጣል።"

"መሬቱ ይቅርብን። ፈቃደንም ተወው።"

"ያን ሁሉ ዓመት አንጀቴ ያረረው ለማን ነው? ለአንተ አይደለም?"

አቶ ማርቆስ መወርወሪያቸውን አንስተው መሸመን ጀመሩ። አሞጽ ፈቃደ አባቱን ምን ብሎ እንዳስፈራራቸው ሲያሰላስል አደረ።

ቅዳሜ ሜዳው በሰው ሞላ። መጀመሪያ የተጠራው ፈቃደ ነው። ጫማውን አውልቆ ሣሩን ያዘ።

"የማንንም ካሳ አልበላሁም" አለ። ያለው ይህንኑ ብቻ ነው።

"ይሄ ጎሜም አይፈራ!" አለች አንዲት ሙዝ ነጋዴ። "ሱፍ የለበሰ የማይነካው መስሎት ነው።"

አሞጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ሸንጎውን የሚመሩት ሽማግሌ ጋሽ ብዙነህ ለአቶ ማርቆስ ሣር አቀበሏቸው።

"ማርቆስ፣ ብዙ አናደክምህም። 'ካሳ አልተቀበልኩም' በል፤ መሬቱ ከዛሬ ጀምሮ የአንተ ነው።"

አቶ ማርቆስ ሣሩን ጨብጠው ቆሙ። ልጃቸውን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት፣ ጤንነቱን እንደሚመረምር ሰው።

"በል እንጂ ማርቆስ። ሁለት ቃል እኮ ነው።"

አቶ ማርቆስ አጎነበሱ። ሣሩን ቀስ ብለው መሬት ላይ አኖሩና ፊታቸውን አዙረው ከሜዳው መውጣት ጀመሩ። ሲደናቀፉ ቀድሞ ደርሶ የደገፋቸው ፈቃደ ነው።

"አባዬ!" አሞጽ እየተከተላቸው ጮኸ። "ተቀብለህ ነበር? ታዲያ ያን ሁሉ ገንዘብ ምን አደረግኸው? መልስልኝ!"