አንዲት ፊደል እንዳትቀር

ሰውየው ኮምፒውተሩን እንደ አራስ ልጅ ደረቱ ላይ አቅፎ ሲመጣ ሱቁ ገና በወጉ አልተከፈተም ነበር። ኮምፒውተር ጠጋኙ መዝጊያውን ወደ ላይ ሲገፋ ሰውየው በብብቱ ስር ሾልኮ ገባ። ጠጋኙን ሰፈሩ «ፊውዝ» ነው የሚለው፤ ቶሎ ይቃጠላል።

«ይሄን አሮጌ ላስወግደው ነው» አለ ሰውየው። «ከመጣሉ በፊት ዲስኩ ይጥፋልኝ። አንዲት ፊደል እንዳትቀር።»

ፊውዝ ይሄማ ቀላል ነው፣ ሰርዤ እሰጥዎታለሁ አለ። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። መሰረዝ ማለት የቤቱን ቁጥር መፋቅ እንጂ ቤቱን ማፍረስ አይደለም ብሎ አስረዳው። ዲስኩ ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ይሞላ፤ ሲያልቅ ደግሞ በዜሮው ላይ ሌላ ዜሮ ይደገም። ከየት ተማሩት ቢለው፣ ከቪዲዮ፣ ትናንት አለ። ፊውዝ ሙያው ውስጥ ሲገቡበት አይወድም። ጆሮው ቀላ።

የፊውዝ ታላቅ እህት ባንኮኒው ጫፍ ላይ የስልክ ሽፋን ትሸጣለች። ትሸጣለች ማለትም ይከብዳል፤ ሽፋኑ ይቀመጣል፣ እሷ ሰው ታያለች። በዚያ መንገድ የሚያልፈውን ሁሉ ኃጢአቱን ከነአድራሻው ታውቀዋለች። ሰውየው ዜሮ ዜሮ ሲል የምትሠራውን ሹራብ አስቀመጠች።

ፊውዝ የማሽኑን ሆድ ሲከፍት ከዕድሜው ጋር የማይሄድ ንጽሕና አገኘ። አንድ ብናኝ አቧራ የለበትም። ለእህቱ አሳያት።

«አሻራውን ጠርጎ ነዋ» አለች በሹክሹክታ። የእሷ ሹክሹክታ ከመንገድ ማዶ ይሰማል።

ውስጡ ምን እንዳለ ሲጠየቅ ሰውየው እኔ እንጃ፣ ረብ ያለው ነገር አይመስለኝም አለ። እውነትም ፊውዝ ቢያየው የካርታ ጨዋታና የአንዲት ፍየል ፎቶ ነው ያለው። እህትየው ፍየሏን አየች፣ ሰውየውን አየች። ሰውየው ከግንባሩ እስከ አንገቱ በላብ ተጠምቋል። ለፍየል ፎቶ እንዲህ የሚያልበው ወንድ አልተፈጠረም ብላ ደመደመች።

ከዚያ ምርመራውን ጀመረች። ባለትዳር ነህ ወይ? ነኝ። ሚስትህ የት ናት? መንገድ ሄዳ ነበር፣ ዛሬ ከሰዓት ትገባለች። ይሄን ሲል ሰዓቱን አየ፣ በሩን አየ፣ መልሶ ሰዓቱን አየ።

«ወንድሜ፣ አመሌ ነው ይቅር በለኝ። ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትቁነጠነጠው?»

«እትዬ፣ ትዳሬ የተንጠለጠለው በዚህ ነገር ነው» አለ ሰውየው። «ከጠፋ በኋላ የሚመለስ ነገር ይኑር አይኑር ሳላረጋግጥ ቤቴ አልገባም።»

እህትየው ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈለገችም። ከፍየሏ ጀርባ የተደበቀችውን ውሽማ በሐሳቧ ሳለቻት። ጠይም አደረገቻት፣ ጥርሷን ፍንጭት አደረገችው፤ ስም ማውጣት ብቻ ቀራት።

ዜሮው መሙላት ጀመረ። ሰውየው ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ተቀመጠ። ወንበሩ ጉንዳን ያለበት ይመስላል። ደጅ የሴት ጫማ ቋ ባለ ቁጥር ከተበላሸው ማተሚያ ማሽን ኋላ ጎንበስ ይላል። ማተሚያው ትልቅ ነው፤ የሰውየው መቀመጫ ግን ይበልጠዋል፣ በሁለቱም በኩል ይታያል።

ስልኩ ጮኸ። ሁለቴ ዝም አለው። በሦስተኛው አነሳ።

«አቤት የኔ እመቤት… አዎ፣ አጠፋሁት… እንዴታ፣ ምንም አልቀረም… ኧረ አትቸኩይ። ቀስ ብለሽ ነይ። ሹፌሩንም እንዳይፈጥን ንገሪው።»

እህትየው ለማታውቃት ሴት ከንፈሯን መጠጠች። ሚስት መንገድ ላይ ትንከራተታለች፣ ባል እዚህ ዱካውን ያጠፋል። የሴትየዋ ስልክ ቁጥር ቢኖራት ያኔውኑ ደውላ እስከ ፍንጭቷ ድረስ ትነግራት ነበር።

ማሽኑ ጨረሰ። ፊውዝ እጁን አራግፎ ተነሳ።

«አሁን መልሰው» አለ ሰውየው።

ፊውዝ የሰማውን አላመነም። ሰውየው ግን ያለህን ዘዴ ሁሉ ተጠቀም፣ ሞክር አለው። ፊውዝ የጠፋ ነገር የሚያድን ፕሮግራም ከፈተ። ሰውየው ትከሻው ላይ ተለጥፎ ይተነፍስበታል። ምንም የለም። ሌላ ፕሮግራም ከፈተ። ፍየሏም የለች፣ ካርታውም የለ።

ሰውየው አልሳቀም። ያስተማረህን ሰው ብንጠራውስ አለ። ቢመጣ ያው ነው ተባለ። ባሕር ማዶ፣ ትልልቅ መሣሪያ ያላቸው ዘንድ ቢላክስ? እነሱም ዜሮ ነው የሚያገኙት ተባለ። ደግመህ እየው አለ። ፊውዝ ደግሞ አየው። አንዴ ብቻ ጨምርልኝ ሲል ፊውዝ ተቃጠለ።

«ጋሼ፣ እንኳን እኔ፣ የሠራው ፋብሪካም አይመልሰው። ሚስትዎ የአገሩን መርማሪ ሁሉ ብታሰልፍ አንዲት ፊደል አታገኝም። ይሂዱና አርፈው ይተኙ።»

ሰውየው ከባንኮኒው ስር፣ ሲሚንቶው ላይ ዘጭ አለ።

እህትየው ሹራቧን አነሳች። ወደሱም ሳታይ «እንኳን ደስ ያለህ» አለችው። «ተገላገልክ።»

«እትዬ፣» አለ ሰውየው፣ «መጥፋት የነበረበት ይሄ ነው፤ እኔ ግን ትናንት በዚሁ ዘዴ ያጠፋሁት የሚስቴን ኮምፒውተር ነው፣ የበኩር ልጃችን ሳይወለድ የጀመረችው መጽሐፍ ያለበትን።»