ከአየር ላይ ሰላምታ

ሽማግሌ ከመላኬ በፊት፣ የወደድኳት ልጅ አባት ምን ዓይነት አማች እንደሚያገኙ ይዩ ብዬ፣ ሁለት ሰው በምትይዘው አውሮፕላኔ ወደ መንደራቸው በረርኩ። ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቧል። ለእኔ መሰለኝ፤ እኔ እኮ እንዲህ ነኝ። ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ በታች ዝቅ ስል ጋቢያቸውን እያውለበለቡ ጮኹ። ይህን ሁሉ ፍቅር ችላ ማለት ነውር ነውና የባሰ ዝቅ አልኩ።

ሽቦውን ያየሁት ከበጠስኩት በኋላ ነው።

ከጭድ ክምር ውስጥ ጎትተው ያወጡኝ ራሳቸው አባቷ ነበሩ።

«ልጄ፣ ተመለስ እያልን ስንት ጮኽንልህ!»

«ይቅርታ ጋሼ... ሰዉ ግን ለምንድን ነው የተሰበሰበው?»

«መብራት ገብቶልን ልናስመርቅ ነበር» አሉና የሪባን መቁረጫውን መቀስ ወደ ኪሳቸው መለሱት።