ለሚስተር ናምቢያር የተዘጋጀ ስድብ

ስድቡን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያዘጋጀው ኖሯል። ጎሬ ሒሳብ ያስተምረው የነበረው ሕንዳዊው ሚስተር ናምቢያር፣ ተማሪው ባረፈደ ቁጥር በጠዋት ብርድ ጣቶቹን አሰብስቦ ጫፍ ጫፋቸውን በማስመሪያ ይመታው ነበር። መምህሩ ጡረታ ወጥቶ ሕንድ አገር ቼናይ ከተማ፣ እንግሊዞች ከባሕሩ ፊት ለፊት በገነቡት አሮጌ ዩኒቨርሲቲ ደረጃ ላይ ተቀምጦ እንደሚውል ሰማ። ለሥራ ቼናይ በሄደ ጊዜ ከሆቴሉ በቀጥታ ወደዚያው አመራ።

የሕንፃውን ጉልላት ቀና ብሎ እንኳ አላየም። ሽማግሌው ፊት ቆመ።

“አንተ ጨካኝ፣ ታስታውሰኛለህ?” አለው በአማርኛ።

ሽማግሌው መነጽሩን አስተካክሎ አየው።

“አርፍደሃል” አለ፣ በዚያው በሚያውቀው ድምፅ። “ተንበርከክ።”

ጉልበቱ ድንጋዩን ነካ።

በዚያ የምታልፍ ተማሪ ቆም አለችና ለጓደኛዋ፣ “እንዲህ መምህሩን የሚያከብር ዛሬ የት ይገኛል?” አለቻት።